ጥያቄና መልስ፦ የመድኃኒት ሰዓት፣ የጸሎት ሰዓት፣ የፊደል ሰዓት

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ከጎንደርና ከዙሪያዋ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልክ ይለወጣል። በዚህ ወር የመረጥናቸው ልጆቻቸውን ቤት ከሚያስተምሩና ራሳቸው ሕመም ከያዛቸው እናቶች የመጡ ናቸው። ስም አላወጣንም። የመድኃኒት መጠን የሚቀየረው በሐኪም ብቻ ስለ ሆነ፣ ከታች ያለው ሐኪሙ ዘንድ ይዞ ለመሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመቴ ነው። ጠዋት ግሊቤንክላሚድና ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ሁለት ልጆች ቤት አስተምራለሁ፤ ወንዱ 2ኛ፣ ሴቷ 4ኛ ክፍል ናቸው። አምና እስከ 9 ሰዓት ስጾም፣ 5 ሰዓት ገደማ ሒሳብ እያሳየኋቸው እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ ያለ ምክንያት እቆጣቸዋለሁ። ዘንድሮ መድኃኒቱን ትቼ ልጹም ወይስ ጾሙን ልተው? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሁለቱንም መተው አያስፈልግዎትም። ጾም ሁለት ነገር ነው፤ ከጥሉላት መከልከልና ሰዓት መጠበቅ። የስኳር ሕመምተኛን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ትቶ 55ቱን ቀን መጾም ይቻላል፤ ቁርስን መዝለል ግን ለእርስዎ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ግሊቤንክላሚድ ነው። ምግብ ይግባ አይግባ ሳይጠይቅ ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን ያስወጣል። ጠዋት 1 ሰዓት ውጠውት ምንም ካልበሉ፣ 5 ሰዓት ላይ ደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር በጣም ይወርዳል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ እሱ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ያውካል እንጂ ስኳር አይጥልም። መድኃኒቱን ጨርሶ ቢተዉ ደግሞ ስኳሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ብዙ ውኃ ያስጠማል፣ ሽንት ያበዛል፣ ዓይን ያደበዝዛል። ብዙዎች ይህንን «የጾም ድካም ነው» ብለው ያልፉታል።

የሚደረገው እንዲህ ነው። ዘወረደ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና «ግሊቤንክላሚዱ ይቀነስ? ወደ ማታ ይዙር? በሌላ ይተካ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። የሰሙትን ይዘው ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት። አስቀድመው ንስሐ አባትዎን ቢጠይቁ፣ ሕመምዎ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳያውቁ እንዲፈርዱ ያስገድዷቸዋል። ለታመመ ሰው ሰዓቱን የማቅለል ሥልጣን አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ጸሎት ወይም ምጽዋት ይተኩበታል። ኢንሱሊን የሚወጉ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ኩላሊታቸው የተጎዳ፣ ወይም ስኳር ወርዶባቸው ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ግን ሰዓት መጠበቁን ከነጭራሹ አይሞክሩት።

ሰዓት ጠብቀው ለሚጾሙ ሌላው ወጥመድ 9 ሰዓት ላይ ነው። የጾም ምግብ ቀላል ይመስላል እንጂ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ፓስታ ሁሉም ወደ ስኳር የሚለወጡ ናቸው። በአንድ ጊዜ ሁለት እንጀራ ሲበላ መለኪያው ይዘላል። ከሳህኑ ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን ሽሮ ወይም ምስር፣ ሩቡን ብቻ እንጀራ ያድርጉት፤ የቀረውን ከሦስት ሰዓት በኋላ ይበሉ። ከምግብ በፊትና ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ይለኩ፤ ቁጥሩን ከልጆቹ የትምህርት ዕቅድ ጎን በአንድ ደብተር ይጻፉት። ሁለት ሳምንት ከጻፉ ቁጣዎ ከየትኛው ሰዓት ጋር እንደሚሄድ ራስዎ ያዩታል።

ቁጣው ከሕመሙ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ግን ይህን ስለማያውቁ ሒሳብ ስላልቻሉ የተቆጡ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሒሳቡን ወደ 2:30 ያምጡት፤ 5 ሰዓት ላይ እጅ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ይሁን። ለ4ኛ ክፍሏ ልጅዎ ደግሞ ይህን በካርቶን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይስቀሉላት፦ እማዬ ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ንግግሯ ከተሳሰረ፣ 4 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ ስጫት። 15 ደቂቃ ጠብቂ። ካልተሻላት ድገሚ። ሲሻላት ዳቦ ወይም እንጀራ ትብላ። ካልነቃች ግን በአፏ ምንም አታድርጊ፤ በጎኗ አስተኝተሽ ጎረቤት ጥሪ። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ምልክት ባይኖርም ስኳሩ ይጠጣል፤ በዚያ ቀን ጾሙ አበቃ። ልጅቷን አንድ ቀን ጤነኛ ሆነው ሳሉ ያለማምዷት፤ ስኳሩን የት እንደምታገኘው ሳታውቅ የቀረች ልጅ ካርቶኑን አንብባ ታለቅሳለች።

ጥያቄ፦ ማይግሬን በሳምንት ሁለት ቀን ከአልጋ አያስነሳኝም። የ6 ዓመቱ ልጄ ሀሁን በዜማ ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል፤ አንዷን ፊደል ነጥዬ ሳሳየው ግን አያውቃትም። የ9 ዓመቱን ደግሞ ዳዊት ላስጀምረው ወይስ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ብቻ ይግፋ? ጾሙ ሲገባ ራስ ምታቱ ይብስብኛል። (ከቀበሌ 18)

መልስ፦ ከትንሹ እንጀምር። ልጅዎ የሚያውቀው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም። ይህ አዲስ ችግር አይደለም፤ አባቶች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቀመጡት ለዚሁ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲል ልጁ በቤትም (ከግእዝ እስከ ሳብዕ ባሉት ሰባቱ ቅርጾች) በፊደልም እየዘለለ ስለሚሄድ ዜማው አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። ወደ አቡጊዳ ከመሻገሩ በፊት ግን አንድ ሳምንት ይህን ይሥሩ፦ ከካርቶን ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቆርጠው በገበታው ላይ እያንሸራተቱ ይጠይቁት። ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሂዱ። በቀን 10 ፊደል ይበቃል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ናቸውና አትቸኩሉ።

የሚሳሳተው የት እንደሆነም ይመልከቱ። ካዕብ፣ ሳልስና ኃምስ ቅጥላቸው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ይያዛሉ። ሳድስ ግን በየፊደሉ መልኩን ይቀያይራል (ልን፣ ርን፣ ክንና ትን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ)፤ ሳብዕም እንዲሁ። ስለዚህ ሳድስና ሳብዕ ከሌሎቹ እጥፍ ጊዜ ይሰጣቸው። ተና ቸ፣ ነና ኘ፣ ደና ጀ፣ ጠና ጨ ደግሞ በትንሽ ጭረት ብቻ የሚለያዩ ስለሆኑ ጥንድ ጥንዱን አብረው ያሳዩት፤ ለየብቻ የተማረ ልጅ ያምታታቸዋል።

ለ9 ዓመቱ ሁለቱንም ያድርጉ፤ ግን ዘለው ዳዊት አያስገቡት። ሥርዓቱ ከአቡጊዳ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት ነው። መልእክተ ዮሐንስ አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ ልጁ መጽሐፍ ጨረስኩ ብሎ ይደሰታል፤ ይህ ደስታ በኋላ 150ውን መዝሙር ያሻግረዋል። ከእርስዎ የማይሆነው አንድ ነገር ንባቡ ነው። የግእዝ ንባብ ዓይነቶች የሆኑት ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ከወረቀት አይገኙም፤ በጆሮ የሚያዙ ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ወደ የኔታ ይላኩት፤ ጎንደር ላይ የኔታ ማጣት ያሳፍራል። የቀሩትን ቀናት ቤት ይከልስ። በተሳሳተ ንባብ ሁለት ዓመት የቆየን ልጅ ማቃናት ከጀማሪ ይከብዳል።

አሁን የሕመም ቀን። በማይግሬን ብርሃንና ድምፅ ስለሚያሠቃይ «አጠገቤ ሆኖ ያንብብልኝ» የሚለው ምክር ለእርስዎ አይሠራም። በደህናው ቀን አንድ ሳጥን ያዘጋጁ፤ ውስጡ አምስት ፖስታ ይኑር። በእያንዳንዱ ፖስታ ለትልቁ 10 የሒሳብ ጥያቄ፣ ከመጽሐፍ የሚገለበጥ 10 መስመርና አንድ የሚያነበው ገጽ፤ ለትንሹ አምስት ፊደልና ሽምብራ እየቆጠረ የሚሠራው መደመር። ሕመሙ ሲነሳ ሌላ ክፍል ሆነው አንድ ፖስታ ይከፍታሉ። ትልቁ ታናሹን ያስቀጽል (ያስጠናው)፤ በአብነት ትምህርት ቤት የኖረ ልማድ ነው። ግን ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ከዚያ ካለፈ ዱላ ይመጣል። የፖስታው ቀን ሙሉ የትምህርት ቀን ተብሎ ይቆጠር። እናቶች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በሚሻላቸው ቀን የሁለቱን ቀን ዕዳ ሊከፍሉ ስድስት ሰዓት ያስተምሩና በማግስቱ ተመልሰው ይወድቃሉ።

ጾሙ ሲገባ ራስ ምታት ከሚብስበት ምክንያት አንዱ የቡና መቋረጥ ነው። አቦል ቶና በረካ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ራስ ምታቱ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና አንድ ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል። ከቅበላው ሳምንት ቀደም ብለው በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ ይቀንሱ። ማስታገሻን በተመለከተ፣ በወር ከ10 ቀን በላይ የሚወሰድ ከሆነ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ማምጣት ሊጀምር ይችላል፤ ወደዚያ ከተጠጉ ሐኪም ያነጋግሩ፤ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ አለ።

ጥያቄ፦ የሳንባ ቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ 10 ቀኔ ነው። ልጆቼን ከአጠገቤ አራቅኋቸው፤ ትምህርቱም ቆሟል። ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። አንዲት ዘመዴ «ጠበል እየጠጣሽ መድኃኒት አይሆንም፣ አንዱን ምረጪ» አለችኝ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ምርጫ የለውም፤ ሁለቱም ይወሰዳሉ። አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል፤ ለቲቢውም ያው ነው። እንዲያውም ይመቻቻሉ፤ የቲቢ መድኃኒት በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰድ ይሻላልና ጠዋት ጠበሉን ጠጥተው መድኃኒቱን ያስከትሉ። ጥቂት ቀን ሰፈር ቀይረው ጠበል ቦታ የሚሰነብቱ ከሆነ ለቀናቱ የሚበቃውን መድኃኒት ከጤና ጣቢያው አስቀድመው ይውሰዱ። ጉዳቱ ሁልጊዜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ለሰባት ቀን ብሎ ይሄዳል፣ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል፣ መድኃኒቱ በሰባተኛው ቀን ያልቃል። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ ቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይጠፋል፣ ክብደት ይመለሳል፤ ያኔ ማቋረጥ የቀረውን ጀርም መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል።

መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነና በትክክል ከወሰዱት፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ አቅምዎ በጣም ይወርዳል። እስከዚያ ትምህርቱን ደጅ ያውጡት፤ በረንዳ ወይም ግቢ፣ እርስዎ ማስክ አድርገው፣ ነፋሱ ከልጆቹ ወደ እርስዎ በሚነፍስበት በኩል ተቀምጠው። ነጠላ አፍ ላይ መጣል ማስክን አይተካም። ክፍል ውስጥ ከሆነ መስኮትና በር ትይዩ ይከፈቱ፤ ብርድ ይገባል ተብሎ የተደፈነ ቤት ለቲቢ የተመቸ ነው። በጋራ ኩባያ፣ በሰሃንና በልብስ ግን አይተላለፍም፤ ዕቃ መለየቱን ይተዉት፣ ልጆችን ከማሳቀቅ በቀር ጥቅም የለውም።

የ3 ዓመቱን ልጅ ባያስልም ነገ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሽታው ቶሎ ስለሚጠናባቸው ይመረመራሉ፤ ካልያዛቸው የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ትልልቆቹም ይታዩ።

ሦስት ነገር አስቀድመው ይወቁ። ሽንትዎ ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለወጣል፤ ከሪፋምፒሲን ነው፣ ደም አይደለም። የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም በክንድ የሚቀበር ከሆነ የሚጠቀሙት፣ ሪፋምፒሲን ያዳክመዋልና ለነርሷ ይንገሩ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ካልቆመ ወይም ዕይታዎ ከደበዘዘ በቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ይሂዱ። ስለ ጾሙ ደግሞ፣ ክብደት እየቀነሱ ከሆነ እንቁላሉንና ወተቱን ስለ መውሰድ ንስሐ አባትዎን አሁኑኑ ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን (ደም ማቅጠኛ) እወስዳለሁ። በጾም ወቅት አይኤንአሬ (ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየው ቁጥር) ሁልጊዜ ይወርዳል። ጎመን ተይ ተብያለሁ፤ በጾም ጎመን ካልበላሁ ምን ልበላ? እሁድ እሁድም ቅዳሴ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረኝ ላሲክሱን (ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን) እዘለዋለሁ። (ከቁስቋም)

መልስ፦ ጎመኑን ጨርሶ ከመተው ልኩን ማስተካከል ይበልጣል። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው፤ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ የቫይታሚኑ ጎተራ ናቸው። በፍስኩ ወራት በሳምንት አንዴ ይበሉና በጾሙ በየቀኑ ያደርጉታል፤ ክኒኑ ግን ያው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በቫልቩ ላይ ደም የመርጋት አደጋ ይመጣል። ከፋሲካ በኋላ ተቃራኒው ይሆናል፤ ጎመኑ በአንድ ቀን ይቆምና በጾሙ ወቅት ከፍ የተደረገው መጠን ደም ያቀጥናል። የድድ መድማትና ሰማያዊ በለዝ ሊታይ የሚችለው በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን ነው፤ ሰዉ ግን ጾሙን ነው የሚፈራው።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ ይያዙ፤ ለምሳሌ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አንድ ጭልፋ። የቀሩትን ቀናት ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ዱባ ይብሉ። ጾሙ ከገባ በሳምንቱ፣ ከተፈታም በሳምንቱ ይመርመሩ። ሜካኒካል ቫልቩ በሚትራል ቦታ ከሆነ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእርስዎን ግን ከካርድዎ ላይ ይዩ። ክኒኑን ከረሱ በዚያው ቀን ካስታወሱት ይውሰዱ፤ በማግስቱ ካስታወሱት ይለፈው፣ አይደርቡት። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመደብር ገዝተው አይዋጡ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። እርግዝና ካሰቡ ደግሞ ከማርገዝዎ በፊት ይናገሩ፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ይጎዳል።

ላሲክሱን መዝለል ግን መጥፎ ልማድ ነው። ውኃው በእሁድ ይጠራቀምና ሰኞ ደረጃ መውጣት ያቅትዎታል፤ ሰኞ ልጆቹ ለምን ትምህርት እንደማይገፋላቸው ከዚሁ ነው። ከቅዳሴ ሲወጡ፣ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይውሰዱት፤ ሐኪምዎ በዚህ ብዙ ጊዜ አይከራከርም። በቅዳሴውም ቁጭ ብለው ያስቀድሱ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊን ካለ፣ ቀኑ በጥምቀት ላይ ከወደቀ ከከተራው አስቀድመው ይወጉ። ፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ ግፊያው ውስጥ አይግቡ፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ሕመም ባይሰማውም ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በአጭሩ

*መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኔን የት ላስቀምጥ?* የተጀመረ ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በቤት ሙቀት 28 ቀን ይቆያል፤ የከፈቱበትን ቀን በላዩ ይጻፉ። ላልተከፈተው፣ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ያስገቡ፣ መሐሉን በአሸዋ ሞልተው ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፍክፉበት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። የሚያቀዘቅዘው ትነቱ ስለሆነ በበጋ በደንብ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ እርጥብ ነውና ይደክማል፣ የጎንደር ክረምት ግን በራሱ ብርድ ነው። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀልጦ ቢመለስም አይሠራም፤ ይጣል።

*ተኝቼ ብጸልይ?* ይቻላል። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን ልጅዎ ያንብብ፣ እርስዎ ይከተሉት። ለእሱም የንባብ ክፍለ ጊዜ ሆኖ ይቆጠርለታል።

*ቤት የተማረች ልጄ የ6ኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች?* ፈተናው በትምህርት ቤት በኩል ስለሚመዘገብ ስሟ የሆነ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ መግባት አለበት። በነሐሴ የክፍለ ከተማውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ የመጨረሻ የክፍል ውጤቷን፣ የልደት ማስረጃዋንና ቀን የተጻፈባቸውን ደብተሮቿን ይዘው ይሂዱ። ቀን የሌለው ደብተር ምንም አያስረዳም።